የፋብሪካውን ፒኤልሲ ከሕንፃው ቢኤምኤስ ጋር ማገናኘት፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ የተማርኩት አሠራር

ታኅሣሥ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት። የደብረ ብርሃን ሣር በውርጭ ነጥቷል። ስልኬ ጠራ። የአንድ ፋብሪካ ቢሮ ማሞቂያ ሌሊቱን ቆሞ አድሯል። ጋቢ ደርቤ ሄድኩ። የቢኤምኤሱ፣ ማለትም የሕንፃ መቆጣጠሪያው ሲስተም፣ ስክሪን የውጭው ሙቀት 6,552.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ይላል። ሲስተሙ ታዛዥ ነው። «ውጭው ከ18 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማሞቂያውን አጥፋ» ተብሏል፤ አጠፋ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ገመዱም ደህና፣ ሴንሰሩም ደህና። ሁለቱን ሲስተሞች ያገናኘሁት እኔ ነኝ። አንዱ የሚልከውን ቁጥር ሌላው እንዴት እንደሚያነበው ግን በደንብ ሳላጣራ ነው የተውኩት። ቁጥሩ ለምን 6,552.1 እንደሆነ አምስተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ፋብሪካዎች ለምትሠሩ ኤሌክትሪሺያኖችና አውቶሜሽን ቴክኒሺያኖች ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከብርድ ልብስ እስከ ቢራ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት እስከ ምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካው በዝቷል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሲስተም ይኖራል። በፋብሪካው በኩል ፒኤልሲ (ማሽን የሚያዝ ኮምፒውተር) እና ስካዳ (ማሽኖቹን ከስክሪን የሚከታተል ሶፍትዌር) ቦይለሩን፣ ኮምፕረሰሩንና ማሸጊያውን ያዛሉ። በሕንፃው በኩል ቢኤምኤሱ አየሩን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱንና የውኃ ፓምፑን ያስተዳድራል። ጎረቤት ናቸው፤ አይነጋገሩም። መስመሩ ከቆመ በኋላ የአየር ማውጫ ፋኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራሉ። በነዳጅ ያሞቃችሁትን አየር ለውጭው ብርድ ይገብራሉ።

ከመጀመራችን በፊት የኔን አቋም ልንገራችሁ፦ ሁለቱ ሲስተሞች ይነጋገሩ እንጂ አይዛዘዙ። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን አገናኙ

ላፕቶፕ ሳትከፍቱ ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የፒኤልሲውን ፕሮግራም የሚያውቀውን፣ ሕንፃውን የሚያስተዳድረውን፣ እና ማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ኦፕሬተር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኔ አንድ ጊዜ ቦይለር ላይ የቆዩ ሰውዬ አስተምረውኛል።

«ጋሼ፣ ቢኤምኤሱ ሙቅ ውኃ ሲፈልግ ቦይለሩን ራሱ እንዲያስነሳ ልናደርግ ነው» አልኳቸው።

«ማን ሲያየው ነው የሚነሳው የኔ ልጅ?»

«ስክሪን ላይ ይታያል።»

«ስክሪኑ ውኃው መጉደሉን ሄዶ ያያል?»

ሐሳቡን እዚያው ሰረዝነው። ቢኤምኤሱ ሙቀት እንደሚፈልግ ያሳውቃል፤ ቦይለሩን ማስነሳት ግን የቦይለሩ መቆጣጠሪያና የኦፕሬተሩ ሥራ ሆኖ ቀረ። ያ ስብሰባ 20 ደቂቃ አልፈጀም።

2. የፖይንት ዝርዝር አዘጋጁ

ፖይንት ማለት ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚሻገር አንድ መረጃ ነው። ሙቀት፣ ግፊት፣ «ይሠራል ወይስ ቆሟል» የሚለው ምልክት፣ የስህተት ምልክት። ኤክሴል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፖይንት ስሙን፣ አድራሻውን፣ የዳታውን ዓይነት፣ የሚባዛበትን ቁጥር፣ መለኪያውን፣ ጤናማውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ፣ የማን ንብረት እንደሆነ፣ የሚነበብ ብቻ ነው ወይስ የሚጻፍበት የሚለውን አስፍሩ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል ማለት ሳይሆን ይቀብጣል። ፒኤልሲው ውስጥ 900 ሬጂስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) ስላለ 900ውን ያሻግራል። ተዉት። «ይህን ቁጥር ቢኤምኤሱ ቢያውቅ ምን ያደርግበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ይቅር። በአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ከ30 እስከ 40 ፖይንት ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል ባይ ነኝ።

ለምሳሌ የስክሩ ኮምፕረሰር። የሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። በደብረ ብርሃን ብርድ ያንን ሙቀት ወደ ጣራ መልቀቅ ያሳዝናል። ወደ መጋዘን ወይም ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ መምራት ይቻላል። ቱቦውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቢኤምኤሱ ነው። ታዲያ ከኮምፕረሰሩ የሚያስፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ እየሠራ ነው ወይ፣ ጭነት ላይ ነው ወይ፣ የዘይቱ ሙቀት ስንት ነው፣ ስህተት አለ ወይ። ሌላው መቶ ሬጂስተር የኮምፕረሰሩ የግል ጉዳይ ነው።

3. ቋንቋቸውን ለዩ

ፋብሪካው በአብዛኛው ሞድባስ ይናገራል። ሞድባስ በ1979 እ.ኤ.አ. ሞዲኮን የተባለ ድርጅት ያወጣው ቋንቋ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ግን ሁሉም ይሰማዋል። ሕንፃው ደግሞ ባክኔት ይናገራል። እሱ የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ደረጃ አድርጎ ያጸደቀው ነው። ሞድባስ ባዶ ቁጥር ይልካል፤ 253 ይላችኋል፣ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ባክኔት ስሙንም መለኪያውንም ይዞ ይመጣል።

መሃላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ጌትዌይ ይባላል። በአንድ በኩል ሞድባስ ያነባል፣ በሌላው በኩል ባክኔት ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ቢኤምኤስ ሞድባስን በቀጥታ ስለሚያነብ ጌትዌይ ከመግዛታችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ። አዲስ ፒኤልሲ ካላችሁ ኦፒሲ ዩኤ የሚባል ቋንቋም አለ፤ ይለፍ ቃልና ምስጠራ ስላለው ከስካዳ ኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር እሱ ይሻላል።

የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ግን በየትኛውም ቋንቋ ብቻ አይተላለፍ። የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው ፋን እንዲያቆም ከተፈለገ ከማስጠንቀቂያው ፓናል ሪሌይ እስከ ፋኑ ኮንታክተር ድረስ ሽቦ ይዘርጋ። ሶፍትዌሩ በተጨማሪ ይወቅ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።

4. ገመዱ

ሞድባስ በአርኤስ 485 (በሁለት ሽቦ መረጃ በሚያስተላልፈው መስመር) ከሆነ ሺልድ ያለው፣ ሁለቱ ሽቦ የተጠማዘዘ ገመድ ግዙ። መሣሪያዎቹን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ አያይዙ፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አታውጡ። በሁለቱ ጫፍ ብቻ የ120 ኦም ሬዚስተር ይግባ። ሺልዱን በአንድ በኩል ብቻ ኧርዝ አድርጉት። ርዝመቱ እስከ 1,200 ሜትር ይሄዳል ይባላል፤ ያ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በአንድ መስመር ላይ በተለመደው ስሌት 32 መሣሪያ ነው። ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሞተር ገመድ ጋር በአንድ የገመድ መደርደሪያ እንዳታስኬዱት፤ የኢንቨርተር ጫጫታ መልእክቱን ያበላሸዋል።

ከፋብሪካው አዳራሽ ወደ ቢሮው ሕንፃ ስትሻገሩ ግን መዳብ አታሻግሩ፤ ፋይበር ተጠቀሙ። ሁለት ሕንፃ ሁለት የተለያየ ኧርዝ ሊኖረው ይችላል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲወድቅ ልዩነቱ በገመዱ ውስጥ ይሮጥና የሁለቱንም ወገን ካርድ ያቃጥላል። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መዳቡን ወደ ፋይበር የሚቀይሩ ሁለት ሣጥን መግዛት ፒኤልሲ ከመለወጥ በጣም ይረክሳል።

5. ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አረጋግጡ

ይህ ነው ረጅሙ ሥራ። እኔን በታኅሣሥ ንጋት ያስነሳኝም ይኸው ነው።

የሞድባስ ሬጂስተር 16 ቢት ነው፤ ከ0 እስከ 65,535 ይይዛል። አሥርዮሽ ነጥብ ስለሌለው ፒኤልሲው 25.3 ዲግሪን 253 ብሎ ይልካል፤ ተቀባዩ ለ10 ያካፍላል። ከዜሮ በታች ሲሆንስ? ፒኤልሲው −1.5 ዲግሪን −15 ብሎ ይልካል። በ16 ቢት −15 የሚጻፈው 65,536 ሲቀነስ 15፣ ማለትም 65,521 ሆኖ ነው። ተቀባዩ «ይህ ቁጥር አሉታዊ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ካልተነገረው 65,521ን ለ10 ያካፍልና 6,552.1 ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጌትዌዩ ላይ አንዲት ምርጫ ነበረች፤ አልነካኋትም።

ሥራውን የጨረስኩት ሚያዝያ ላይ ነበር። ያኔ ሁሉም ቁጥር ትክክል ነበር። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ይህ ስህተት ለዘላለም ተደብቆ ይኖራል፤ እዚያ ዜሮ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ውርጭ ያጋልጠዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ባለ 32 ቢት አሥርዮሽ ቁጥር ነው፤ ፍሎት የሚባለው። ሁለት ሬጂስተር ይይዛል። አንዱ አምራች የመጀመሪያውን ግማሽ ያስቀድማል፣ ሌላው ሁለተኛውን። ከተገለበጠ 25.0 ዲግሪ ስክሪኑ ላይ 0 ሆኖ ይታያል፤ 25.3 ደግሞ 24 አኃዝ ያለው ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ በድፍን ቁጥር ብቻ አትፈትሹ። ዜሮ ስታዩ «ሴንሰሩ ሞቷል» ብላችሁ ልትፈቱት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው የአድራሻ ፈቀቅታ ነው። ማኑዋሉ 40001 የሚለው በገመዱ ላይ አድራሻ 0 ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ከ1 ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከ0። ሁሉም ቁጥር የጎረቤቱን ዋጋ እያሳየ ከሆነ አንድ ቀንሱ ወይም ጨምሩ።

መለኪያውንም እዩ፤ በተለይ ግፊት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ሲስተም ፍጹም ግፊት፣ ሌላው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ቢልክ፣ ብዙ ማኑዋል «1 ባር ቀንስ» ይላል። እዚህ የሚቀነሰው 0.7 ባር ነው። የአየር ፍሰት መለኪያዎችም የባሕር ጠለልን አየር ክብደት ይዘው ነው ከሳጥናቸው የሚወጡት። የግፊት ልዩነት እየለካ ፍጥነት የሚያሰላ ከሆነ እዚህ ከትክክለኛው ወደ 15 በመቶ አሳንሶ ያነባል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰርም ከፍታው ካልተነገረው አሳንሶ ነው የሚያሳየው። «ከፍታ» የሚል መስክ ካገኛችሁ ሙሉት።

ለፍተሻ ነፃ መሣሪያ አለ። ለሞድባስ ኪውሞድማስተር፣ ለባክኔት ያቤ፣ መስመሩን ለማዳመጥ ዋይርሻርክ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዳችሁ ማሽኑ ጋ ቁሙ፣ ሌላው ስክሪኑ ጋ። በስልክ ተነጋገሩ። «አንተ ጋ ስንት ይላል?» «47.2።» «እኔም ጋ።» ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጉ። 40 ፖይንት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ የፒኤልሲ ሰውየውን −1.5፣ 25.3 እና ከመጠን ያለፈ ቁጥር በእጁ እንዲያስገባላችሁ ጠይቁት።

6. በሩን አጥብቁ

ሞድባስ ይለፍ ቃል የለውም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሁሉ ሞተር ማስነሳት ይችላል። በብዛት የተዘረጋው ባክኔትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ የቢሮው ኔትወርክ፣ የቢኤምኤሱ ኔትወርክና የፒኤልሲው ኔትወርክ በቪላን (ኔትወርኩን ለየብቻ በሚከፍል የስዊች ቅንብር) ይለያዩ፤ መሃላቸው ፋየርዎል ይቁም። ከጌትዌዩ አይፒ ወደ ፒኤልሲው በፖርት 502 ብቻ ይከፈት። ባክኔት በፖርት 47808 በቢኤምኤሱ ወገን ይቅር። ፋየርዎሉ የሞድባስን ትእዛዝ መለየት ከቻለ ማንበቢያዎቹን፣ ከ1 እስከ 4 ያሉትን፣ ብቻ ፍቀዱ። 5፣ 6፣ 15 እና 16 መጻፊያ ናቸው፤ ዝጓቸው።

«ማን እኛን ይፈልገናል» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታርጌት የተባለው የሱቆች ድርጅት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የባንክ ካርድ መረጃ ተሰርቆበታል። ሌቦቹ የገቡት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራለት ተቋራጭ በሰረቁት መግቢያ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ አቅራቢው ከርቀት የሚገባበት ሞደም ሣጥን ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ፈልጉት። ሥራ ሲኖር ብቻ ይሰካ።

7. መጻፍ ግድ ከሆነ

የመጀመሪያውን ወር ማንበብ ብቻ ይሁን። ከዚያ አንዳንድ ቦታ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ለምሳሌ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ላይ ስትሆኑ ቢኤምኤሱ ሁለተኛው ኮምፕረሰር እንዲታገድ ሊፈልግ ይችላል። ሞተሩን በቀጥታ እንዳያጠፋው። ፒኤልሲው ውስጥ «ጥያቄ» የሚባል አንድ ሬጂስተር ይመደብለት። ቢኤምኤሱ እዚያ 1 ይጽፋል። ፒኤልሲው ያየዋል፤ የአየሩ ግፊት ከ6.5 ባር በላይ ከሆነ ይስማማል፣ ካልሆነ እምቢ ይላል፣ መልሱንም በሌላ ሬጂስተር ያሳውቃል። ለዚያች አንዲት አድራሻ ብቻ ፋየርዎሉ ላይ መጻፍ ፍቀዱ።

በባክኔት በኩል ደግሞ የቅድሚያ ደረጃ የሚባል ነገር አለ፤ 16 ደረጃ። 1 የበላይ ነው፣ ለሰው ደህንነት። 8 የኦፕሬተር እጅ ነው። 16 መጨረሻ። አንድ ሰው ፋኑን በ8 «አጥፋ» ብሎ ይረሳዋል። የናንተ ፕሮግራም በ16 ሳምንት ሙሉ «አብራ» ቢል ፋኑ ንቅንቅ አይልም። ፕሮግራሙን ከመውቀሳችሁ በፊት 8 ላይ የተቀመጠ ነገር እንዳለ እዩ። ለመልቀቅ ባዶ ዋጋ ይጻፍበታል፤ «አብራ» ብሎ መጻፍ ያው መያዝ ነው።

8. ሲቋረጥ ምን ይሁን?

ግንኙነት ሲቋረጥ ብዙ ጌትዌይ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ስክሪኑ 62 ዲግሪ ይላል፤ ያ 62 የትናንት ነው። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። መድኃኒቱ የልብ ምት ነው። ፒኤልሲው ውስጥ በየሰከንዱ አንድ የሚጨምር ቁጥር አስቀምጡ። ቢኤምኤሱ ይከታተለው። ለ30 ሰከንድ ካልተለወጠ ከዚያ ወገን የመጣውን ሁሉ «አይታመንም» ይበልና በራሱ ነባር ፕሮግራም ይሥራ። ከጤናማው ወሰን ውጭ የሆነ ቁጥርም እንዲሁ። የደብረ ብርሃን የውጭ ሙቀት ከ −10 እስከ 35 ይሁን ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ 6,552.1 በሩ ላይ ይቀር ነበር።

ጥያቄውም አይብዛ። በሰከንድ 9,600 ቢት ፍጥነት አንድ ባይት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ተከታታይ ሬጂስተሮችን በአንድ ጥያቄ አንብቡ፤ እስከ 125 ይፈቀዳል። የክፍል ሙቀት በየሰከንዱ አይጠየቅም፤ በየ30 ሰከንዱ ይበቃል።

መብራት ሲመለስ ሌላ ጣጣ አለ። ፒኤልሲው በሰከንዶች ይነሳል፣ ጌትዌዩ በደቂቃ፣ የቢኤምኤሱ ኮምፒውተር ከዚያም በኋላ። በዚያ መሃል ዜሮዎች ይመላለሳሉ። የልብ ምቱ እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቅ። ከዚያ ፋኖቹ አንድ ላይ አይነሱ፤ በ10 በ10 ሰከንድ ልዩነት ይነሱ። ጌትዌዩንና ስዊቹን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ አድርጓቸው።

9. ሰዓቱ

ይህን የውጭ ማኑዋል አይነግራችሁም። አንድ ቦታ ላይ ሥራ 2 ሰዓት ይጀምራል ተባለ። ልጁ መርሐ ግብሩ ላይ 2:00 አስገባ። ለማሽኑ 2:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ዘበኛው ፋኖቹ በውድቅት ሲነሱ ሰምቶ ሌባ መስሎት ነበር። የፖይንት ዝርዝራችሁ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ 08:00»።

በዓላትም እንዲሁ። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን 12 ላይ ይውላል። የ2016 እንደዚያ ነበር፣ የ2020ም እንደዚያ ይሆናል። ጥምቀትም በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው። ገና ግን 7 ላይ ጸንቶ ይቆያል። የበዓል ዝርዝሩን «በየዓመቱ ድገም» ብላችሁ አትተዉት፤ ጳጉሜን ላይ አንድ ሰው ይከልሰው።

10. ርክክብ

የፖይንት ዝርዝሩን አትሙና ፓናሉ በር ውስጥ ለጥፉ። የጌትዌዩን ኮንፊገሬሽን በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ፤ አንዱ ከግቢው ውጭ ይደር። ከዚያ የማቋረጥ ፍተሻ አድርጉ። ገመዱን ንቀሉ፤ ምርቱ ምንም ሳይሰማው መቀጠል አለበት። ጌትዌዩን አጥፉ። ብሬከሩን ጥላችሁ መልሱ። ኦፕሬተሩ አጠገባችሁ ቆሞ ያየውን ይናገር።

እኔ አሁን የማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ አኖራለሁ። አንዱ ሥራው ሲያልቅ ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጭ በወረደበት ንጋት፣ ስክሪኑ ፊት ቆመን ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር በዓይናችን ካየን በኋላ።